አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የተገጠመ የፊት ዲስክ ፍሬን ለምን እምቢ ይላል?

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ላንድክሩዘር ነው እንበል። ባለቤቱ የፊት ታምቡሮቹን አስፈትቶ ከሌላ መኪና የወጣ ዲስክ ፍሬን አስገጥሟል። ቡሎኖቹ ሁሉ ገብተዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ተሞልቷል፣ ጎማው ታስሯል። ከጋራዥ ሲወጣ ግን ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ነው የሚነሣው። መካኒኩ አየር ያወጣል፤ ለውጥ የለም። የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈው ፍሬን ማስተር ይቀየራል፤ ለውጥ የለም። ዲስኩን የሚጨብጠው ካሊፐር ተጠርጥሮ ሌላ ይገዛል፤ አሁንም ያው ነው።

በታምቡር ፍሬን የተሠራ አሮጌ ፎርዊል መኪናን ወደ ዲስክ የቀየረ ሰው ይህን ታሪክ ወይም ተመሳሳዩን ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተገዛው ዕቃ ላይ አይደለም። ከሦስትና ከአራት የተለያዩ መኪኖች የመጡ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ሳይለኩ አንድ ላይ መታሰራቸው ነው ችግሩ። ቡሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ ዕቃው የዚያ መኪና ሆነ ማለት አይቻልም። ፍሬን ከፔዳሉ እስከ ጎማው የተያያዘ ሰንሰለት ስለሆነ አንዱን ቀለበት የቀየረ ሰው ቀሪዎቹን ሁሉ መፈተሽ አለበት። ቅደም ተከተሉን ካወቁት ደግሞ አብዛኛው ጥፋት ዕቃ ሳይገዛ ይገኛል።

ለምን ይህን ያህል ይደከማል?

ሌላ መኪና መግዛት ቀላል ስላልሆነ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ደጅ የቆመውን አሮጌ ላንድክሩዘር ማደስ ለብዙ ሰው ትክክለኛ ስሌት ነው።

40 ተብሎ የሚታወቀው ላንድክሩዘር የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ነው። የመጀመሪያዎቹ በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን ነበራቸው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአንዳንድ ገበያዎች የፊት ዲስክ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከተለው 60 ከፊት ዲስክ ይዞ ስለመጣ፣ ከተበተነ 60 የወጣ የፊት እግር ለ40 ባለቤት ትልቅ ሲሳይ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ዞሮ ዕቃ ያሰባሰበ ሰው ግን አንዳንዴ አንዱን ካሊፐር ከ60፣ ሌላውን ከሃይሉክስ ይዞ ይመለሳል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ታምቡርና ዲስክ በምን ይለያያሉ?

ታምቡር ከጎማው ጋር የሚሽከረከር ክብ ሣጥን ነው። ውስጡ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሸራ የለበሱ ብረቶች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራዎቹ ወደ ውጭ ተከፍተው የታምቡሩን የውስጥ ግድግዳ ይጫናሉ። በር ሥር የተወተፈ ሽብልቅ በሩ በተገፋ ቁጥር እየጠበቀ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የጎማው መሽከርከር ራሱ ሸራውን ይጎትተውና ይበልጥ ያጠብቀዋል። ታምቡር በትንሽ ጉልበት ብዙ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት ነው። ካሊፐር የሚባለው ክፍል ዲስኩን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ይይዛል። በውስጡ ያሉት ፒስተኖች ፓድ የሚባሉትን መያዣ ሸራዎች ወደ ዲስኩ ይገፋሉ። የሚዞር ሰፌድ ጠርዙን በሁለት መዳፍ ጨምቆ እንደማቆም ነው። እዚህ ሽብልቅ የለም። የመጨመቂያው ኃይል በሙሉ የሚመጣው ከፍሬን ዘይቱ ግፊት ነው። ስለዚህ ዲስክ ከታምቡር የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። ይህን አንድ ነገር ይያዙት፤ ወደ ኋላ ላይ ከምናያቸው ጥፋቶች አንዳንዶቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ታዲያ ዲስክ ለምን ይመረጣል? በሙቀት ምክንያት። ታምቡር ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ሙቀቱን ውስጡ ያፍናል። ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ግድግዳው ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም ይወርዳል። ዲስክ ግን ለነፋስ የተጋለጠ ነው፣ ሲግልም ወደ ፓዱ እንጂ ከፓዱ አይርቅም። ወንዝ ሲሻገሩም ታምቡር ውሃና ጭቃ ያቁራል፤ ዲስክ ጥቂት ዙር ዞሮ ይደርቃል።

ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድን ያስቡ። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ወደ 25 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት መጣል አለበት። ይህ 70 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከፊሉን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ከፊሉ በነፋስ ይሄዳል። የተረፈውን የሚሸከሙት ፍሬኖቹ ናቸው፣ ከእነሱም ዋናውን ድርሻ የሚወስዱት የፊቶቹ ናቸው፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያጋድላልና።

ከመታሰሩ በፊት ምን ይለካል?

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ክፍል ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ዝምድና ይጣራ። በአሮጌ ላንድክሩዘር ዲስኩ ጎማው በሚታሰርበት ሞዞ ላይ ከኋላ በኩል በቡሎን የታሰረ ነው። ሞዞው በነፃ እንዲዞር የሚያደርጉትን ኩሽኔታዎች ይዞ የአክስሉ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ካሊፐሩ ደግሞ ከመሪው ጋር የሚዞረው ክፍል ላይ ይታሰራል። እነዚህ ሁሉ ከአንድ መኪና ከወጡ ፋብሪካው ለክቶ ያስማማቸው ናቸው። ሞዞው ከአንዱ፣ ካሊፐሩ ከሌላው ከሆነ ግን የመለኩ ሥራ የእርስዎ ነው። ምክሬ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ ካለ የአንዱን መኪና የፊት እግር ሙሉውን መግዛት፣ ለየብቻ ከመልቀም ይረክሳል።

ከዚያ የዲስኩ ውፍረት። የላንድክሩዘር 60 ዲስክ መሃሉ ነፋስ ማስተላለፊያ ያለው ሲሆን አዲሱ 20 ሚሊሜትር ይወፍራል። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1985 የነበረው ባለ ፎርዊል ሃይሉክስ ዲስክ ግን ድፍን ነው፤ ውፍረቱም 12.5 ሚሊሜትር ነው። ካሊፐሮቻቸው ከውጭ ሲታዩ ዘመዳሞች ይመስላሉ። ለቀጭን ዲስክ የተሠራ ካሊፐር ወፍራሙ ላይ ሲገባ ወይ አይገባም፣ ወይ ፓዱ በግድ ገብቶ ሌት ተቀን ይይዛል። ተቃራኒው የባሰ ነው። ለወፍራም ዲስክ የተሠራ ካሊፐር ቀጭኑ ላይ ያለምንም ችግር ይገባል፣ የመጀመሪያ ቀንም ይሠራል። ፓዱ እያለቀ ሲሄድ ግን ፒስተኑ ከልኩ በላይ ወጥቶ ዘይቱን ሊያፈስ ይችላል። ያኔ የፊት ፍሬን የለም። አሮጌ ዲስክ ሲገዙም ዳሩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ የውፍረት ልክ ያንብቡና ቬርኒየር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ይለኩት። ከልኩ በታች ከሆነ ቶርኖ ቤት መውሰዱ ይበልጥ ያሳሳዋል እንጂ አያድነውም።

ሦስተኛው ዲስኩ በካሊፐሩ መሃል መቀመጡ ነው። የእነዚህ መኪኖች ካሊፐር ተንሸራቶ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት አይደለም፤ ተቸንክሮ የተቀመጠና በሁለቱም ወገን ፒስተን ያለው ነው። ስለዚህ ፓድ ሳይገባ በዲስኩና በካሊፐሩ አካል መካከል ያለው ክፍተት ከግራም ከቀኝም እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ምክንያቱ ይፈለግ። ብዙ ጊዜ ዲስኩና ሞዞው የሚገናኙበት ፊት ላይ የቀረ ዝገት ወይም ቀለም ነው። አንዳንዴ ሞዞው ራሱ የሌላ ሞዴል ነው። ከካሊፐሩ ሥር ሮንዴላ ደርድሮ ማመጣጠን በየጋራዡ የሚታይ ነገር ነው፤ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የዚያን ጎማ የማቆሚያ ኃይል በሙሉ የሚሸከሙት ካሊፐሩን የሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች ናቸው። ብረት ለብረት ተጣብቀው እንዲይዙ እንጂ በሮንዴላ ቁልል ላይ ቆመው እንዲታጠፉ አልተሠሩም።

ፓዱ በዲስኩ ላይ የሚያርፍበት ቦታም ይታይ። የፓዱ የላይኛው ጠርዝ ከዲስኩ ውጭ ከተንጠለጠለ ዲስኩ ለዚያ ካሊፐር ትንሽ ነው ማለት ነው። የተንጠለጠለው ክፍል ስለማይበላ እንደ ከንፈር ያድግና ከጊዜ በኋላ ዲስኩን ይነክሳል።

የመጨረሻው ልኬት ደግሞ የዓይን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ካሊፐር አየር የሚወጣበት ትንሽ የማስተንፈሻ ቡሎን አለው። ያ ቡሎን ከላይ መሆን አለበት። የግራው ካሊፐር ቀኝ፣ የቀኙ ግራ ከተገጠመ ቡሎኑ ከታች ይሆናል። አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚሄድ ከካሊፐሩ ጣሪያ ሥር ተደብቆ ይቀራል፤ አሥር ጊዜ ዘይት ቢያፈሱም አይወጣም። ሁለቱ ካሊፐሮች ቦታ ቢቀያየሩም ቡሎናቸው ስለሚገባ ስህተቱን የሚያስቆም ነገር የለም። ከተራ ስህተቶች ሁሉ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስወጣ ያለ አይመስለኝም።

ጎማው ሲታሰር ለምን ይነካል?

በስድስት ቡሎን የሚታሰሩት የላንድክሩዘርና የሃይሉክስ ቸርኬዎች የቡሎን ክብ 139.7 ሚሊሜትር ስለሆነ እርስ በርስ ይገባሉ። ለታምቡር ዘመን የተሠራ ቸርኬ ግን ውስጡ ለካሊፐር የሚሆን ቦታ ላይኖረው ይችላል። ጎማው ከታሰረ በኋላ በእጅ ያዙሩት። ከነካ የቸርኬው ውስጥ ላይ የሚያበራ ጭረት ይተዋል። ካሊፐሩን በግራይንደር መቁረጥ መፍትሔ አይደለም፤ ውስጡ ዘይት በከፍተኛ ግፊት የሚያልፍበት ነው። ቸርኬ መቀየር ነው። ቸርኬው ላይ የተለጠፈ የማመጣጠኛ እርሳስም ካሊፐሩን ሊነካ ስለሚችል እሱን አስቀድመው ይዩ።

የዘይት ቱቦውንም አብረው ይፈትሹ። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ያዙሩት፣ መኪናውን በክሪክ አንሥተው ጎማው ሲንጠለጠል ይዩት። ቱቦው መወጠርም፣ መጠምዘዝም፣ ጎማ መንካትም የለበትም። በተለይ ሞላው ከፍ በተደረገ መኪና ላይ አሮጌው ቱቦ ያጥራል። ቱቦው ከካሊፐሩ ጋር የሚታሰረው በመዳብ ሮንዴላ ከሆነ ሮንዴላው በተፈታ ቁጥር አዲስ ይደረግ።

ኩሽኔታውን ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው?

ብዙ። ታምቡር ጥቂት የኩሽኔታ ልልነትን ይታገሣል፤ ዲስክ አይታገሥም። ኩሽኔታው ከላላ ዲስኩ ሲዞር ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር ፓዶቹን ወደ ካሊፐሩ ውስጥ መልሶ ይገፋቸዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲረግጡ ዘይቱ መጀመሪያ ያንን ክፍተት መሙላት አለበት፤ ፔዳሉ ይወርዳል። ሁለተኛ ሲረገጥ ግን ፓዱ ቀርቦ ስለሚጠብቅ ፔዳሉ ከፍ ይላል። ሹፌሩም መካኒኩም «አየር አለው» ይላሉ።

ጎማውን በክሪክ አንሥተው ላይና ታቹን በሁለት እጅ ይዘው ይወዝውዙት። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ መጀመሪያ ኩሽኔታው ይስተካከል። በእነዚህ ላንድክሩዘሮች ላይ ሥራው የሚሠራው በ54 ሚሊሜትር ቁልፍ ነው። በመሮና በመዶሻ የተመታ ዳዶ ትክክለኛ ጥብቀቱን ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ነው። ሁለት ዳዶዎች አሉ፤ በመካከላቸው የሚታጠፍ መቆለፊያ ቀለበት ይገባል። የውስጡ ኩሽኔታውን ያስጠብቃል፣ የውጭው ይቆልፈዋል። የውጭው ሲጠብቅ የውስጡን ጭምር ስለሚገፋው ከቆለፉ በኋላ እንደገና ይፈትሹ።

ፔዳሉ ለምን ይወርዳል?

እግርዎ የሚነግርዎትን ያዳምጡ። የተለያየ ጥፋት የተለያየ ስሜት አለው።

ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ ከሆነ አየር አለ። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል። አስቀድመን ያልነውን የማስተንፈሻ ቡሎን አቀማመጥ ይዩ።

ፔዳሉ መጀመሪያ ይዞ ቆይቶ በእግርዎ ሥር ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ወይ ዘይት ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ በፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ዘይቱን በጎኑ ያሳልፋል። ውጭ ምንም እርጥበት ከሌለ ጥፋቱ ማስተሩ ነው።

ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ግን ዝቅ ብሎ የሚይዝ፣ ሁለቴ ሲረገጥም ከፍ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ ሰፊ ክፍተት አለ። መግቢያው ላይ ያየነው መኪና ሕመም ይህ ነው። አንዱ ምክንያት የተነጋገርንበት ኩሽኔታ ነው። ሌላው ማንም የማይጠረጥረው የኋላው ታምቡር ነው። ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ስለነበር ዓይንም እዚያው ይቀራል። የኋላ ሸራዎች ከታምቡሩ ከራቁ ግን ዘይቱ እነሱን ለማድረስ ያልቃል። ሁለቱን ለመለየት መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን ደጋግመው ረግጠው ከፍ ያድርጉት፤ ለቀው አንድ ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ይርገጡ። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ወዲያው ከወረደ የኋላ ሸራው ርቋል። ሳይንቀሳቀስ ከፍ ብሎ ቆይቶ፣ ኮረኮንች ላይ ከተነዳ በኋላ ብቻ ከወረደ ግን ኩሽኔታውን ወይም የተጣመመ ዲስክን ይጠርጥሩ። የኋላውን ለማስተካከል ጎማው ይነሣና ሸራው ጎማውን እስኪይዘው ድረስ ይጠጋል፣ ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ጥቂት ይመለሳል። ምንም ዕቃ አይገዛም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ፔዳሉ ረጅም ከሆነ የፍሬን ማስተሩ ስፋት ይታይ። ማስተሩ እንደ መርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ነው። ሰፊ ሲሪንጅ በአንድ ግፊት ብዙ ዘይት ይልካል፤ ለመግፋት ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ቀጭኑ በትንሽ ጉልበት ከፍተኛ ግፊት ይሰጣል፤ የሚልከው ዘይት ግን ጥቂት ነው። የላንድክሩዘር ካሊፐር አራት ፒስተን አለው። ለታምቡር የተሠራ ማስተር ለእነዚህ የሚበቃ ዘይት ላይልክ ይችላል። የዘይት መያዣውም ለዲስክ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ፓዱ እየሳሳ ሲሄድ ፒስተኖቹ እየወጡ ከኋላቸው ዘይት ያስቀራሉና። መኪናው የድሮውን ባለ አንድ ክፍል ማስተር ይዞ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ሳይፈለግ ይቀየር። አንድ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል።

ሳይረገጥ ለምን ይይዛል?

ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የፊት ጎማው ይግላል፣ ይሸታል፣ መኪናውም ይከብዳል። ለታምቡር የተሠራ ማስተር አንዳንዴ መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለው። ቫልቩ እግር ከተነሣ በኋላም መስመሩ ውስጥ መጠነኛ ግፊት ያስቀራል፤ የታምቡርን ጎሚኒ ወጥሮ ለመያዝ ይጠቅማል። በዲስክ ላይ ግን ያ ግፊት ፓዱን ከዲስኩ ጋር እንዳነካካ ያቆየዋል። ለፊት መስመር ይህ ቫልቭ መውጣት አለበት።

ሌላው የእግርን ግፊት ከሚያግዘው ሰርቮ ወደ ማስተሩ የሚገባው ዘንግ ርዝመት ነው። ማስተሩ ሲቀየር ዘንጉ ካልተለካ ፒስተኑን ጥቂት ገፍቶት ይቆማል። ያኔ ዘይቱ ወደ መያዣው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ትደፈናለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መውጫ ያጣል፣ ፍሬኑ ራሱን በራሱ ይረግጣል።

መለያው ዘዴ እንዲህ ነው። ጎማው ይዞ ሳለ በክሪክ ይነሣና የካሊፐሩ ማስተንፈሻ ቡሎን ጥቂት ይላላ። ጎማው ካልተለቀቀ ግፊት አይደለም፤ ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቋል ወይም ፓዱ በግድ ገብቷል። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ ግን ተቆልፎ የቀረ ግፊት ነበር። እንደገና ሲይዝ ማስተሩን ከሰርቮው ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች አላልተው ማስተሩን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ይሳቡት። በዚህ ከተለቀቀ ዘንጉ ረዝሟል። በዚህም ካልተለቀቀ በማስተሩ መውጫ ላይ የቱቦውን ማሰሪያ ያላሉት፤ እዚያ ከተለቀቀ ቫልቩ ነው። እዚያም ካልተለቀቀ በመካከል ያለ የጎማ ቱቦ ውስጡ አብጦ ተዘግቷል። ከውጭ አዲስ የሚመስል አሮጌ ቱቦ ውስጡ ያበጠ ሊሆን ስለሚችል ዲስክ ሲገጠም ቱቦዎቹንም አብሮ መቀየር ይበጃል።

ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ መኪናው ለምን አይቆምም?

ዲስክ ከታምቡር የበለጠ ግፊት እንደሚፈልግ አይተናል። ያንን የሚጨምረው ሰርቮው ነው። ሰርቮ በመሃሉ በጎማ ልባስ የተከፈለ ክብ ጣሳ ነው። ከአንዱ ወገን አየሩ ይመጠጣል፤ ሲረገጥ ከሌላው ወገን የውጭ አየር ገብቶ ይገፋል። ሰርቮ የሌለው አሮጌ 40 ላይ ዲስክ ብቻ ከተገጠመ መኪናውን ለማቆም ሁለት እግር ያስፈልጋል ማለት ይቻላል።

ሰርቮው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ፤ እግርዎን ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ይሠራል። ካላለ የመምጠጫውን ቱቦና አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ ይዩ።

ሞተሩ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ የተቀየረ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። የቤንዚን ሞተር አየር የሚመጠው በከፊል በሚዘጋ ክዳን በኩል ስለሆነ ለሰርቮው የሚበቃ መምጠጥ ራሱ ይፈጥራል። ናፍጣ ይህን አይፈጥርም፤ የተለየ ፓምፕ ይፈልጋል። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ፓምፑ ያለው ከዲናሞው ጀርባ ነው። ዲናሞው ፓምፕ በሌለው ሌላ ዲናሞ ከተተካ ሰርቮው ጣሳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከፍታም የራሱን ይወስዳል። ሰርቮው የሚገፋው በውጭው አየር ክብደት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰርቮው የሚሰጠው ከፍተኛ እገዛም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ለስላሳ የነበረ ፔዳል እንጦጦ ላይ ቢከብድ አይግረምዎ።

የፍሬን ዘይቱ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን መስፈርቱ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ እንዳይፈላ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ልክ 230 እና 155 ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌውን ዘይት አጥቦ በአዲስ መሙላት የገጠማው አካል ነው። ክፍቱን የከረመ ጣሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የፍሬን ጎሚኒዎችን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብም አይገባም፤ ጎማው አብጦ ፒስተኑን ያንቃል። ማጠቢያው ራሱ የፍሬን ዘይት ነው።

አንድ ነገር ለጤናዎ፦ የአሮጌ ታምቡር ሸራዎች ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። ታምቡሩ ሲከፈት አቧራውን በኮምፕሬሰር አይንፉት፤ በውሃ አርጥበው ይጥረጉት። ልጆች ከአጠገብዎ ካሉ ራቅ ይበሉ።

የኋላው ቀድሞ ጎማ ቢያስር?

ፊት ዲስክ፣ ኋላ ታምቡር ያለው መኪና ግፊቱን የሚያመጣጥን ቫልቭ ይፈልጋል። እሱ ከሌለ ወይም ለድሮው አሠራር የተበጀ ከሆነ በኃይል ሲረገጥ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆልፉና መኪናው ጅራቱን ይጥላል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ላይ ቫልቩ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ ተያይዞ ጭነቱን ይመዝናል። ሞላው ከፍ ከተደረገ ዘንጉ መኪናው ባዶ እንደሆነ ያስብና ለኋላው የሚሰጠውን ግፊት ይቀንሳል፤ እሱም ይስተካከል።

መንገድ ላይ እንዴት ይፈተሻል?

ባዶና ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ይጀመር። መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ በ20፣ ቀጥሎ በ40 ኪሎ ሜትር። መኪናው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በተቃራኒው ወገን ነው፤ ያ ጎማ አልያዘም ማለት ነው። አዲስ ፓድ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ በመጠኑ ፍጥነት አሥር ጊዜ ያህል ረጋ ብሎ ማቀዝቀዝ፣ በመካከሉም ነፋስ እንዲመታው መንዳት ይበቃል። ሲመለሱ ፍሬን ሳይዙ በዝግታ እንዲቆም ያድርጉና መዳፍዎን ወደ ሁለቱ ሞዞዎች ያስጠጉ። ሳይነኩ ሙቀቱን ያወዳድሩ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከጋለ ወደ ማስተንፈሻ ቡሎኑ ፈተና ይመለሱ።

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የካሊፐሩን ቡሎኖችና የጎማውን ዳዶዎች እንደገና ያጥብቁ፣ ኩሽኔታውን ይወዝውዙ። በዘይት መያዣው ጎን ላይ በማይጠፋ እስክሪብቶ ዛሬ ያለበትን ደረጃ ያስምሩ። በሳምንቱ ከመስመሩ በግልጽ ከወረደ የመጀመሪያው ሳምንት ፓድ ያን ያህል አይበላምና፣ የሚፈስበት ቦታ ሳይገኝ ወደ ቁልቁለት አይውረዱ።